ፕራዞ እንደ ጉልት ይታያልን? በዛምቤዚ ሸለቆ ስለነበረው የፖርቱጋል የመሬት ስጦታ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በታሪክ ትምህርት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ለአንድ ኮርስ በማዘጋጀው ጽሑፍ የፖርቱጋል ነገሥታት በዛሬዋ ሞዛምቢክ፣ በዛምቤዚ ሸለቆ፣ ለዜጎቻቸው ይሰጡት የነበረውን ፕራዞ የተባለ ይዞታ ከአገራችን ጉልት ጋር ላነጻጽር አስቤያለሁ። እስካሁን እንደተረዳሁት ንጉሡ ባዶ የነበረውን መሬት ለሰፋሪዎች ከፋፍሎ ሰጠ፤ ይዞታው ከእናት ወደ ሴት ልጅ ብቻ ስለሚተላለፍ ሥልጣኑ የሴቶች ነበር፤ በመጨረሻም ሰፋሪዎቹ ከአፍሪካውያን ጋር ተጋብተው ስለተዋጡ ሥርዓቱ ተዳክሞ በ1832 በአዋጅ ፈረሰ። ንጽጽሩ ያስኬዳል? ከየትስ ልጀምር?»

ምላሽ፦ ንጽጽሩ ያስኬዳል፤ የሚያስኬደው ግን ግብርን በሚመለከተው ጎኑ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የተነሡባቸው ሐሳቦች ከሞላ ጎደል ሁሉም መታረም አለባቸው፤ መሬቱ ባዶ አልነበረም፤ የመጀመሪያው ሰጪም የሊዝበኑ ንጉሥ አልነበረም፤ የሴቶቹ ውርስ የሴቶች አገዛዝ ማለት አይደለም፤ ሥርዓቱንም የገደለው ጋብቻ አይደለም፤ የ1832ቱ አዋጅም መሬት ላይ የለወጠው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ከአመጣጡ እንነሣ። ፖርቱጋሎች ሶፋላን በ1505 ከያዙ በኋላ ዓይናቸው ያረፈው ከባሕር ዳር ርቆ በደጋው ላይ በሚገኘው ወርቅ፣ ማለትም በሙታፓ መንግሥትና በአጎራባቾቹ ገበያዎች ላይ ነበር። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ የዛምቤዚ ወንዝ በመሆኑ በ1530ዎቹ ሴና እና ቴቴ ላይ፣ ጥቂት ቆይቶም በወንዙ መውጫ አካባቢ ኬሊማኔ ላይ የንግድ ጣቢያ አቋቋሙ። በእነዚህ መንገዶች ላይ ከእነሱ በፊት የስዋሂሊ ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ፤ በሸለቆው ዳርና ዳር ደግሞ በየባላባቶቻቸው ሥር የሚኖሩ ገበሬዎች ነበሩ። የፖርቱጋል ዘውድ አገሩን በመደበኛ ጦር ለመያዝ ያደረገው ትልቅ ሙከራ በ1569 ከሊዝበን የተነሣው የፍራንሲስኮ ባሬቶ ዘመቻ ነው። ጦሩ ሴና ደርሶ ገና ብዙ ሳይርቅ ወታደሩ በወባ፣ ፈረሱ በቆላ ዝንብ በሽታ አለቀ፤ አዛዡ ግን ሙስሊሞች መርዘውብን ነው ብሎ በሴና ይኖሩ የነበሩትን ነጋዴዎች አስፈጀ። ራሱም በ1573 እዚያው ሴና ሞተ። ይህ ዘመቻ ለጥያቄዎ ቁልፍ ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ በሸለቆው የተሳካላቸው የንጉሥ ጦር አዛዦች ሳይሆኑ ባሮችና ተከታዮች ያሰባሰቡ ግለሰብ ጀብደኞች ናቸው።

እነዚህ ሰዎች መሬት ያገኙት በአፍሪካ ነገሥታት የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ወገን ይዘው በመዋጋት ነው። የሙታፓው ንጉሥ ጋትሲ ሩሴሬ ከተነሡበት ባላንጣዎች ጋር ሲዋጋ የፖርቱጋሎችን ጠመንጃ ፈለገ፤ በ1607ም ለእርዳታው ዋጋ የማዕድን ቦታዎቹን ለፖርቱጋል ንጉሥ ለመስጠት ተስማማ። በ1629 ማቩራ የተባለው ተፎካካሪ በፖርቱጋሎች ድጋፍ ዙፋን ላይ ሲወጣ ተጠምቆ ፊሊፔ ተባለ፤ ለፖርቱጋል ዘውድም ገባር መሆኑን ፈረመ። ከዛምቤዚ በስተደቡብ የሚገኙት ቼሪንጎማ እና ጎሮንጎሳ የመሰሉ ሰፋፊ ግዛቶች በፖርቱጋሎች እጅ የገቡትም በ1640ዎቹ በተመሳሳይ መንገድ፣ ሲስናንዶ ዲያስ ባያው የተባለ ሰው በኪቴቬ መንግሥት የሥልጣን ሽኩቻ ውስጥ ገብቶ ባገኘው ውለታ ነው። ባለ ውለታው መሬቱን ከአገሬው ንጉሥ ከተቀበለ በኋላ ሌላ ፖርቱጋላዊ እንዳይነጥቀው ሲል በስሙ የንጉሥ ወረቀት እንዲወጣለት ይጠይቃል፤ የሊዝበን ዘውድም በዚህ አጋጣሚ መሬቱ ቀድሞውኑ የራሱ እንደነበረ ቆጥሮ ስጦታውን ያጸናለታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፕራዞ ሁለት መሠረት ነበረው፤ አንዱ በሸለቆው የታወቀው የጌትነት ቦታ ነው፤ ሌላው በመዝገብ የሰፈረው የዘውድ ስጦታ ነው። የመዝገቡን ብቻ ያነበበ ሰው ሊዝበን መሬት ስታድል ያያል፤ በእውነቱ ሊዝበን አብዛኛውን ጊዜ የሆነውን ነገር ተከትላ ማኅተም ትመታ ነበር።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ የሚያስታውሰው ነገር አለ። በ1541 ከክሪስቶቫው ዳ ጋማ ጋር ወደ አገራችን ከገቡት 400 ያህል ፖርቱጋላውያን መካከል በሕይወት የተረፉትን ዐፄ ገላውዴዎስ መሬት ሰጥተው አስቀምጠዋቸዋል፤ እነሱም አገሬውን አግብተው ልጅ ወልደው ቀርተዋል። በአንድ መቶ ዘመን ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት ሰዎች ላይ፣ አንድ ዓይነት የንጉሥ ውለታ ነው የተፈጸመው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። በኢትዮጵያ ሰጪው ዙፋን ጸንቶ ስለቆመ ተቀባዮቹ የንጉሡ ሰዎች ሆነው ኖሩ። በዛምቤዚ ግን ሰጪዎቹ ነገሥታት በእርስ በርስ ጦርነት ስለተዳከሙ ተቀባዮቹ ራሳቸው ጌቶች ሆኑ። በደጋው ላይ ግን ይህ ብዙ አልቆየም፤ በ1693 ቻንጋሚሬ ዶምቦ የሮዝቪን ጦር አዝምቶ ዳምባራሬ የተባለውን የንግድ ሰፈር አጠፋ፤ ፖርቱጋሎችም ከደጋው ተባረው ወደ ሸለቆው ተሰበሰቡ። ፕራዞ የቆላ ሥርዓት ሆኖ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። ስጦታው ለሦስት ትውልድ የጸና ነበር፤ ከሦስተኛው ባለይዞታ ሞት በኋላ መሬቱ ወደ ዘውድ ተመልሶ እንደገና ይሰጣል፤ የቀድሞው ቤተሰብ ግን ቅድሚያ ያገኛል። ባለይዞታው በየዓመቱ በወርቅ የሚተመን መጠነኛ ግብር ለዘውዱ ይከፍላል፤ በመሬቱ ላይ መኖር አለበት፤ ከአንድ በላይ ፕራዞ መያዝ አይፈቀድለትም፤ የመሬቱም ርዝመት ከሦስት ሌጉዋ፣ ማለትም ከ20 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ በሕግ ተወስኖ ነበር። ከእነዚህ ድንጋጌዎች በተግባር የተከበረ አንድም አልነበረም ማለት ይቻላል። ጎሮንጎሳንና ቼሪንጎማን ለማቋረጥ ቀናት ያስኬድ ነበር፤ ታላላቆቹ ቤተሰቦችም ብዙ ፕራዞ በአንድ እጅ ይዘው ሴና ወይም ቴቴ ይቀመጡ ነበር። እስከ 1752 ድረስ ሞዛምቢክ ትተዳደር የነበረው ከህንዷ ጎዋ መሆኑን ደግሞ አይርሱ፤ ሴና ላይ የተነሣ ክርክር ውሳኔ የሚያገኘው ወቅት ጠብቆ በሚነፍስ የባሕር ነፋስ ህንድ ደርሶ ሲመለስ ነበር። ሕጉን የሚያስከብር ወታደርም ዳኛም በቦታው አልነበረም።

የሴቶቹን ውርስ በተመለከተ የተሳሳቱበት ነጥብ በብዙ ጽሑፍ ውስጥ ስለሚደጋገም ጠንቅቀው ቢይዙት መልካም ነው። ፖርቱጋሎች ይህን አሠራር ከዛምቤዚ ሰዎች አልወሰዱትም፤ ቀድሞ በህንድ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በባሴይንና በዳማው አካባቢ ባሉ መንደሮች ላይ ተግባራዊ አድርገውት ነበር። ዓላማው ለዘውዱ አገልግለው የሞቱ ሰዎች ሴት ልጆች ከነመሬታቸው ከፖርቱጋል ለመጣ ሰው እንዲዳሩ፣ በዚያም ነጭ ሰፋሪ በሸለቆው ሥር እንዲሰድ ነው። መሬቱ ለሴቷ የሚሰጠው ፖርቱጋል የተወለደ ባል እንድታገባ በሚል ግዴታ ነበር፤ ግዴታውን ከጣሰች ይዞታዋን ልታጣ ትችላለች። ሕጉ ሴቷን የሚያያት እንደ ገዥ ሳይሆን ባልና መሬት እንደምታገናኝ ድልድይ ነበር።

ሆኖም ሕጉ ያላሰበው ነገር ደረሰ። ከፖርቱጋል የሚመጡት ባሎች በወባ ቶሎ ቶሎ ይሞቱ ነበር። እዚያው የተወለደችው ሴት ግን አየሩን የለመደች፣ የአገሩን ቋንቋ የምትናገር፣ ከባሮቹና ከባላባቶቹ ጋር ዝምድናና ትውውቅ ያላት ስለሆነች አንዱን ባል ቀብራ ሌላውን እያገባች ሀብቷን ታከማች ነበር። ዶና እየተባሉ የሚጠሩት የ18ኛው መቶ ዘመን ታላላቅ ሴት ባለ ፕራዞዎች ኃይላቸው የመጣው ከዚህ ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ የጦር ባሮች የነበሯቸው፣ የዘውዱ ሹሞች ለዘመቻና ለጉዞ ሰው ሲቸግራቸው የሚለምኗቸው ሴቶች ነበሩ። በዚያው ዘመን ግን ወንዶችም ፕራዞ ይወርሱና በስማቸው ይይዙ ነበር፤ ዶሚኒካውያንና ኢየሱሳውያን መነኮሳትም ፕራዞ ነበራቸው። ስለዚህ «ለሴት ብቻ» የሚለውን ቃል ከጽሑፍዎ ያውጡ። ከዛምቤዚ በስተሰሜን ያሉት ሕዝቦች ዘርን በእናት የሚቆጥሩ መሆናቸው የዶናዎቹን ሥልጣን በአገሬው ዘንድ ተቀባይ አድርጎት ሊሆን ይችላል፤ ይህን ግን እንደ ግምት እንጂ እንደ መነሻ ምክንያት አያቅርቡት።

የፕራዞን ውስጥ አሠራር በቅርብ ለማየት የዝሆን አደኑን መመልከት ይበቃል። በሸለቆው ነባር ሥርዓት ዝሆን ሲገደል ወድቆ መሬት የነካው ጥርስ የምድሩ ጌታ ድርሻ ነበር፤ ሌላው የአዳኙ ነው። የምድሩ ጌታ ማምቦ ወይም ፉሙ የሚባለው ባላባት ነበር። ፕራዞ ሲመሠረት ግን ያ መሬት የነካ ጥርስ ወደ ባለ ፕራዞው ቤት ይሄድ ጀመር። ባላባቱ አልተሻረም፤ ሕዝቡን ይዳኛል፤ መሬት ለገበሬው ያከፋፍላል፤ የዝናብ ልመናውና የቀደምት ነገሥታት መንፈስ የሚያርፍባቸው ባለ ውቃቢዎች ነገርም በአገሬው እጅ እንዳለ ቀርቷል። ባለ ፕራዞው የመጣው ከባላባቱ በላይ በነበረው ወንበር ላይ ነው፤ ቀድሞ ለሙታፓ ወይም ለሌላ ንጉሥ ይላክ የነበረውን ግብር እሱ ይቀበል ጀመር። ገበሬው በየዓመቱ ከእህሉ ሙሶኮ የተባለ ግብር ያገባል፤ የሚሸጠውን ነገር ደግሞ ለባለ ፕራዞው ብቻ፣ ባለ ፕራዞው በቆረጠው ዋጋ እንዲሸጥ ይገደዳል። በየባላባቱ መንደር ቹዋንጋ የሚባል የባለ ፕራዞው ወኪል ይቀመጣል፤ እሱም ግብሩን ይቆጣጠራል፤ መሬት የነካው ጥርስ መድረሱን ያረጋግጣል፤ ባላባቱ የሚያደርገውንም ለጌታው ያቀብላል።

ይህን ሁሉ የሚያስፈጽመው ቺኩንዳ የተባለው የጦር ባሪያ ነው። ቺኩንዳዎች ከተለያየ ወገን የተውጣጡ፣ አለቃቸው ከራሳቸው መካከል የሚሾም፣ በአነስተኛ ጓድ ተደራጅተው በየመንደራቸው የሚኖሩ፣ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ነበሩ። ዝሆን ያድናሉ፤ የንግድ ጉዞ ይመራሉ፤ ግብር ያስከፍላሉ፤ ከሌላ ፕራዞ ጋር ይዋጋሉ፤ ባሪያም ይፈነግላሉ። ፊታቸው ላይ የሚነቀሱት ምልክትና የሚሞረዱት ጥርስ ከገበሬው ይለያቸው ነበር፤ እነሱም ጓሮ መቆፈርን ንቀው ይመለከቱት ነበር። በረሃብ ጊዜ የተራበ ሰው ወደ አንድ ጌታ ግቢ ሄዶ የጌታውን ዕቃ ሆን ብሎ ሰብሮ ራሱን ለባርነት የሚያስገባበት ልማድም ነበር፤ በዚህ መንገድ የገባው ሰው ከርሃብ ይድናል፤ ጌታውም ተከታይ ያገኛል። በባሪያውና በጌታው መካከል የነበረውን ውል ሳይረዱ የሥርዓቱን አወዳደቅ መረዳት ስለማይቻል እዚህ ላይ ረዘም ብዬ ቆይቻለሁ፤ ቺኩንዳ ጌታው ወደ ውጭ እንደማይሸጠው ተማምኖ የሚያገለግል ሰው ነበር።

እንግዲህ ጉልት ላይ እንድረስ። ባለ ጉልት ከገበሬው ርስት በላይ የተቀመጠ የግብር መብት እንዳለው ሁሉ፣ ባለ ፕራዞውም ከባላባቱና ከገበሬው መሬት በላይ የተቀመጠ የግብር መብት ነበረው፤ አራሹ በሁለቱም ዘንድ ከእርሻው አይነቀልም። ንጽጽርዎ እዚህ ድረስ በጽኑ መሬት ላይ ነው። ከዚህ ካለፈ ግን ያዳልጣል። ጉልት ሰጪውና ተቀባዩ በአንድ ሃይማኖት፣ በአንድ ሕግና በአንድ ቤተ መንግሥት የሚገናኙ ናቸው፤ ባለ ጉልቱ ዘመቻ ሲጠራ ለሰጪው ንጉሥ ይዘምታል፤ ካጠፋም ጉልቱ ይነሣል። ባለ ፕራዞው ግን ለሩቅ ዘውድ ስሙን ብቻ ያስመዘገበ፣ በራሱ የባሪያ ጦር የሚኖር፣ ዘውዱ ሊነሣው ቢፈልግ ሊነሣው የማይችል ሰው ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ባለ ፕራዞው ሰውን ወደ ውቅያኖስ ማዶ ለሚሸጥ ገበያ የተጋለጠ ነበር።

«ሰፈራ» የሚለው ቃል የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው። ሴና፣ ቴቴ፣ ኬሊማኔ እና የሉዋንግዋ ወንዝ ከዛምቤዚ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የተመሠረተው ዙምቦ በ1760ዎቹ መጀመሪያ የከተማ ማዕረግ ሲሰጣቸው፣ ከተማ የተባሉት አንድ ምሽግ፣ ጥቂት ቤተ ክርስቲያን፣ የጭቃ ጡብ ቤቶችና በዙሪያቸው ያሉ የባሪያ መንደሮች ነበሩ። ዙምቦን ያቆሙት የጎዋ ሰዎች መሆናቸው ራሱ ብዙ ይናገራል፤ «ፖርቱጋላዊ» ከሚባለው ነዋሪ ከፍተኛው ድርሻ የጎዋ ሰውና እዚያው የተወለደ ክልስ ነበር፤ በሸለቆው ሁሉ ከፖርቱጋል የመጣው በጥቂት መቶዎች እንኳ ለመቆጠር ይቸግራል። ምክንያቶቹ ግልጽ ናቸው። ወባው ይገድላል፤ የቆላው ዝንብ የእርሻ በሬንና ፈረስን አያኖርም፤ የወንዙ መውጫ በደለል የተሞላ በመሆኑ እህል ጭኖ መሸጥ አያዋጣም፤ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ደግሞ አራሽ ሰፋሪ አይጠይቁም። ባለ ፕራዞው ሉዋኔ በሚባለው ሰፊ በረንዳ ባለው ቤቱ ተቀምጦ ከእርሻ ይልቅ ከንግድና ከግብር የሚኖረው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ የቦታው ኢኮኖሚ ሌላ መንገድ ስላልሰጠው ነው።

ጋብቻው ሥርዓቱን አዳከመው የሚለው አባባል የፖርቱጋል ሹማምንት ራሳቸው ሲያሰሙት የነበረ ቅሬታ ነው፤ የዘር ንቀታቸው የገባበት ስለሆነ በጥንቃቄ ይነበብ። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ከባላባት ቤት የተጋባ፣ ቋንቋውን የሚናገር፣ ለባለ ውቃቢው የሚገባውን የሚያደርግ ባለ ፕራዞ ነው ቦታውን አጽንቶ የኖረው። ፕራዞዎቹን ያፈረሰው የባሪያ ንግድ ነው። ከ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ፣ ይበልጡንም በ19ኛው መጀመሪያ፣ የብራዚል የእርሻ ቦታዎች የባሪያ ፍላጎት ኬሊማኔን ከምሥራቅ አፍሪካ ታላላቅ የባሪያ መሸጫ ወደቦች አንዱ አደረጋት። ባለ ፕራዞዎቹ በመጀመሪያ ከሩቅ የመጣውን ምርኮኛ ሸጡ፤ ትርፉ ሲያጓጓቸው ገባሩን ገበሬ፣ በመጨረሻም ሊሸጡት የማይገባቸውን ቺኩንዳ ራሱን መሸጥ ጀመሩ። ቺኩንዳው ውሉ እንደፈረሰ ሲያይ ከነጠመንጃው ሸፈተ፤ ገበሬውም መንደሩን ጥሎ ሸሸ። በ1820ዎቹና በ1830ዎቹ የደረሰው ድርቅና ረሃብ፣ ከደቡብ የመጡት የንጉኒ ወራሪዎች ወረራም ተደረበበት፤ ከንጉኒ መሪዎች አንዱ የሆነው የዝዋንጌንዳባ ሠራዊት ዛምቤዚን የተሻገረው በኅዳር 1835 ነው፤ ሌላው የንጉኒ ኃይል፣ በደቡብ ሞዛምቢክ የቆመው የጋዛ መንግሥት ደግሞ የሴና ሰዎችን ግብር ያስከፍል ነበር። የሸሹት ቺኩንዳዎች ወደ ዙምቦና ወደ ሉዋንግዋ አካባቢ ወጥተው አዳኝና ነጋዴ ሆኑ፤ ዘሮቻቸው ዛሬም በሞዛምቢክ፣ በዛምቢያና በዚምባብዌ ቺኩንዳ ተብለው ይኖራሉ።

በዚህ ጊዜ ነው የሊዝበን አዋጆች የመጡት። የ1832ቱ አዋጅ በጠቅላላው የዘውድ ስጦታዎችን የሚመለከት የፖርቱጋል ሊበራሎች ማሻሻያ ነበር፤ ፕራዞዎችን በስም ጠቅሶ የሚሽር አዋጅ በታኅሣሥ 1854 እንደገና መውጣቱ የመጀመሪያው እንዳልሠራ ምስክር ነው። ሁለተኛውም አልሠራም። በአሮጌዎቹ ፕራዞዎች ፍርስራሽ ላይ ከቀድሞዎቹ የሚበልጡ የክልስና የጎዋ ቤተሰቦች የጦር ግዛቶች ቆሙ። ከሁሉ የታወቀው በዛምቤዚና በሉዌንያ መገናኛ ላይ ያለው የዳ ክሩዝ ቤተሰብ ማሳንጋኖ ነው። ቤተሰቡ አሪንጋ በሚባለው ዓይነት ምሽግ፣ ማለትም ወፋፍራም ግንዶች ተተክለው በሚሠራ አጥር ውስጥ ሆኖ በወንዙ ላይ የሚያልፈውን ሁሉ ይቀርጥ ነበር። ቦንጋ ተብሎ የሚጠራው አንቶኒዮ ቪሴንቴ ዳ ክሩዝ ከ1867 እስከ 1869 በላዩ የዘመቱበትን የፖርቱጋል ጦሮች ተራ በተራ አሸነፈ፤ ማሳንጋኖ የወደቀው እሱ ከሞተ ዓመታት በኋላ በ1888 ነው። በጎሮንጎሳ ደግሞ ከጎዋ የመጣው ማኑዌል አንቶኒዮ ዴ ሶዛ በቺኩንዳ ጦሩ ለፖርቱጋል መንግሥት እየዘመተ ለራሱም ይገዛ ነበር፤ በ1892 ከዛምቤዚ በስተደቡብ ባለው በባሩዌ ሲዋጋ ሞተ።

የፕራዞ ስም እንደገና ነፍስ የዘራው በ1890 ነው፤ በጥናትዎ ላይ ይህን ምዕራፍ እንዳይዘነጉ አጥብቄ አሳስባለሁ። አንቶኒዮ ኤኔስ የፖርቱጋል የባሕር ኃይልና የባሕር ማዶ ሚኒስትር ሳለ የወጣው የዚያ ዓመት ሕግ ፕራዞዎችን ለኪራይ አወጣቸው፤ ተከራዩ ሙሶኮውን የመሰብሰብ መብት ያገኛል፤ ከግብሩም ግማሹን በጉልበት ሥራ እንዲያስከፍል ይፈቀድለታል። ተከራዮቹ ኩባንያዎች ነበሩ፤ የዛምቤዚያ ኩባንያ በ1892፣ የቦሮር ኩባንያ በ1898 ተቋቋሙ፤ የኮኮነትና የስኳር እርሻዎችም በዚያ ጉልበት ተስፋፉ። ጥንት እህል ያገባ የነበረው ገበሬ አሁን በግብሩ ስም ተገድዶ ማሳ ያርስ ጀመር። ፕራዞ የእርሻ ልማት ሆነ ማለት የሚቻለው በዚህ ዘመን ብቻ ነው፤ እርስዎ ግን ይህን መልክ ወደ 17ኛው መቶ ዘመን መልሰው ወስደውታል። በ1917 በባሩዌ የተነሣው ታላቅ ዓመፅ በግዳጅ ሥራና በዓለም ጦርነቱ የጉልበት አፈሳ ላይ የተቆጣ ሕዝብ ነበር፤ በሸለቆው ያሉ የቀድሞ ፕራዞዎች ሰዎችም ተቀላቅለውበታል። ሥርዓቱ በሕግ ያከተመው በ1930ዎቹ፣ በሳላዛር መንግሥት ጊዜ ነው።

ስለ ምንጮቹ ሁለት ነገር ልጨምር። የ18ኛው መቶ ዘመን ወረቀቶች አብዛኞቹ የተጻፉት ባለ ፕራዞዎቹን መቆጣጠር ባቃታቸው ሹማምንት ስለሆነ፣ ሥርዓተ አልበኝነትን ሲገልጹ በከፊል የራሳቸውን አቅመ ቢስነት እየገለጹ ነው። የቺኩንዳዎችና የባላባት ቤተሰቦች የቃል ታሪክ ይህን ያርማል፤ ግን እሱም በኩባንያ ዘመን ትዝታ የተቀባ ስለሆነ ስለ 1700 ሲናገር በጥንቃቄ ይወሰድ። ሰነዶቹ ሊዝበን ባለው የባሕር ማዶ ታሪክ ቤተ መዛግብት፣ በማፑቶው የሞዛምቢክ ታሪክ ቤተ መዛግብትና በጎዋ ይገኛሉ፤ ሁሉም ከሞላ ጎደል በፖርቱጋልኛ ነው። ቋንቋውን የማያነቡ ከሆነ በአንድ ኮርስ ጽሑፍ ስለ ሕጉ ዝርዝር አዲስ መደምደሚያ ለመስጠት አይሞክሩ፤ በታተሙት ጥናቶች ላይ ተመሥርተው ንጽጽሩን ማጥራት በቂና ጠቃሚ ሥራ ነው።

የምመክርዎ ይህን ነው። ፕራዞን በጠቅላላው ከጉልት በጠቅላላው ጋር ማነጻጸርን ይተዉ። አንድ ቦታ ይምረጡ፤ እኔ ጎሮንጎሳን እመርጥልዎታለሁ፤ በ1640ዎቹ ከአገሬው ንጉሥ እጅ የወጣ፣ የዘውድ ወረቀት የተሰጠው፣ በዴ ሶዛ ጊዜ የጦር ግዛት የሆነ፣ ከዚያ በሞዛምቢክ ኩባንያ ሥር የገባ፣ ኩባንያው በ1920 የአደን ክልል ያደረገው፣ በ1960ም ብሔራዊ ፓርክ የተባለ ምድር ስለሆነ ሁሉንም ዘመን በአንድ ቦታ ያሳይዎታል። ጽሑፍዎን ከ1693 በፊት፣ ከዚያ እስከ ባሪያ ንግዱ መስፋፋት፣ ከዚያም እስከ ኩባንያዎቹ ብለው በዘመን ይክፈሉት። ከጉልት ጋር የሚያነጻጽሩት መካከለኛውን ዘመን ብቻ ይሁን፤ ጥያቄውም አንድ ይሁን፤ ከገበሬው እጅ የወጣው እህልና መሬት የነካው ጥርስ ወደ ማን ሄደ፣ ተቀባዩስ በምላሹ ለማን ምን ይፈጽም ነበር? የሴቶቹን ጉዳይ ለሌላ ጽሑፍ ያቆዩት፤ በጥቂት አንቀጽ ሊነካ የማይገባው ራሱን የቻለ ርእስ ነው።